የእትዬ ዘይነባ ዚርና የእኔ አምፕሊፋየር

«ለምን ገዝተህ አትገላገልም?» የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ይሁን ማን፣ በሕይወቱ ካቻቢቴ ጨብጦ እንደማያውቅ ግን እምላለሁ። በቤቷ ዳቦ የደፋችን ሴት «ለምን አትገዢም?» የሚላት የለም፤ እንዲያውም «እጅሽ ይባረክ» ትባላለች። ሸሚዙን ራሱ የሰፋ ሰው ይደነቃል። በቤቱ አምፕሊፋየር የሚሠራ ሰው ግን፣ ገና ትራንስፎርመሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ረዳቱም፣ ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠዋም፣ መንገድ የጠፋበት እንግዳም ሳይቀር «ሱቁ ሞልቶ የለም እንዴ?» ይሉታል።

ሞልቷል። ሱቁ መሙላቱን አላጣሁትም። ቀን ቀን የምውለው እዚያው ካርቱም መሀል ገበያ፣ ሱቅ አል-ዐረቢ ውስጥ፣ መጋረጃ ስሸጥ ነው።

ጥያቄው ከእናንተም እንደማይቀርልኝ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። የተገዛ አምፕሊፋየር ሲበላሽ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። በእጅ የተሠራ ሲበላሽ ጥፋቱ የራስ ነው፤ ሲሠራም ምስጋናው የራስ ነው። ሳይበላሽም ሳይሠራም መሀል ላይ ቆሞ ሲያጉረመርም ግን፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስታጣራ ዕድሜህ ያልቃል። ሰውን ከሐሜትና ከካርታ ጨዋታ የሚጠብቅ ከዚህ የተሻለ ሥራ ካለ ንገሩኝ።

በምኖርበት ሰፈር በካላክላ «ባሽመሐንዲስ» ይሉኛል፤ በሱዳኖች ዘንድ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ መሐንዲስ ነው። ማዕረጉን ያገኘሁት የጎረቤት ራዲዮ ከፍቼ መልሼ ስዘጋው አንድ ብሎን ተርፎኝ፣ ራዲዮው ግን ምንም እንዳልጎደለበት መዝፈኑን ስለቀጠለ ነው። ፋብሪካው ያልደረሰበትን ደረስኩበት ማለት ነው። ያቺ ብሎን እስከ ዛሬ በኪሴ ናት፤ ዲፕሎማዬ ናት። መበየጃዬን ሱዳኖች «ካውያ» ይሉታል። በእኛ ካውያ ልብስ ይተኮስበታል፤ በእነሱ ሽቦ ይበየድበታል። በሁለቱም ጣት ይቃጠላል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ ወደ ነገሩ ለመግባት ደግሞ በእትዬ ዘይነባ በር ማለፍ ግድ ነው።

እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ካርቱም ገብተው፣ ከወንዙ ማዶ ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ ለብዙ ዓመት አገልግለዋል። ዐረብኛ የተማሩት እዚያ ነው፤ ያስተማሯቸውም በቁጣ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ ሲመርቁ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በዐረብኛ ነው። አንድ ደግ ሱዳናዊ ሾፌር አገቡ፤ ሰሚራን ወለዱ፤ ሾፌሩም አላህ ይዘንለትና ሞተ። እሳቸውና ሰሚራ፣ እኔና ካቻቢቴዬ፣ አንድ ሖሽ ውስጥ እንኖራለን። ሖሽ ማለት በአንድ አጥር የታቀፈ ግቢ ነው፤ ያንዱ ሽንኩርት የሌላውን ዓይን የሚያስለቅስበት።

ከግቢው በር ውጭ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ የእትዬ ዘይነባ ዚር አለ። ካርቱምን የማታውቁ ከሆነ፣ ዚር የሰው ወገብ የሚደርስ የሸክላ እንስራ ነው። በብረት መቀመጫ ላይ ይቆማል፤ ላቡን እያላበ ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ የሚያላበውም ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያረጥባል። አላፊ አግዳሚው በሰንሰለት ከታሰረችው ጣሳ ቀድቶ ይጠጣና «አላህ ይርሐሙ»፣ አላህ ይዘንለት ብሎ ያልፋል። እትዬ ዘይነባ ዚሩን ያቆሙት ለባላቸው ነፍስ ሰደቃ ብለው ነው። ማልደው ይሞሉታል፤ ይከድኑታል፤ ጣሳዋን በአመድ ያሿታል። ሞተር የለውም፤ ሽቦ የለውም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ዕቃ አላከብርም ነበር።

ሰሚራ ስትታጭ የሙሽራው ወገኖች ዘፋኝና ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። እንደ ደንቡ ማይክሮፎኑ በየእጁ ይዞር ጀመር። የሙሽራው አባት ተናገሩ። አጎቱ ተናገሩ። የአጎቱ ጎረቤት ተናገረ። የጠፋች ፍየሉን ፍለጋ ብቅ ያለ አንድ ሰው ሳይቀር ማይኩ እጁ ገብቶ መረቀና፣ በዚያው የፍየሏን መልክ ለሕዝቡ ገልጾ ወረደ። ልጅቷን አምጠው የወለዷት እትዬ ዘይነባ፣ ግድግዳ ጥግ ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ለመቀበል አዘጋጅተው ጠበቁ። ማይኩ በአጠገባቸው አለፈ። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ውሃ የሚያቀርብ ሰው ንግግር አለው ብሎ የሚጠረጥር ስለሌለ ነው።

በማግስቱ ክፍሌ በር ላይ መጡ።

«ደሳለኝ፣ አንተ ያንን ጉድህን ትሠራለህ አይደል?»

«የቱን ጉድ፣ እትዬ?»

«ድምፅ የሚያጎላውን።»

«እሠራለሁ እንጂ።»

«ለሰሚራ የሒና ቀን አድርስልኝ። ዘፋኛቸው ለሠርጉ ይሁንላቸው። የሒናው ግን በእኔ ግቢ ነው፤ ማይኩን እኔ እይዘዋለሁ። አንድ ጊዜ። ልጄን በቋንቋዬ ልመርቅ። ሰው ይስማኝ።»

«ሰው ይስማኝ» ያሉበት ድምፅ ከእኔ በስተቀር ማንም የማይሰማው ዓይነት ነበር። ያን ዕለት ሥራዬን ጀመርኩ።

ትራንስፎርመሩን ከተቃጠለ የኮምፒውተር ባትሪ ሣጥን አወጣሁ። ትራንዚስተሮቹን ከገበያ ገዛሁ፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሲምል ዓይን ዓይኔን አላየኝም። ሣጥኑ የሞተ የሳተላይት ዲሽ ሪሲቨር ነው። የድምፅ መጨመሪያው ጉልላት የድስት ክዳን እጀታ ነበር፤ ከማን ድስት እንደጠፋ አሁን ባላነሳው ይሻላል። መብራቷ ብቻ ቀረች። ሲበራ «በርቻለሁ» የምትል ያቺ ቀይ ነጥብ። ነገ አደርጋታለሁ አልኩ። እቺን «ነገ» ልብ በሉልኝ።

የቀረው የመሬት ሽቦ ነበር። አምፕሊፋየር ሁሉ ከሣጥኑ አንድ ሽቦ ወጥቶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ብረት ጋር ይታሰርለታል፤ ቦታ ያጣው፣ የተበሳጨው፣ ትርፍ የሆነው ኤሌክትሪክ በዚያ ወርዶ ያርፋል። ካላረፈ ድምፅ ማጉያው ውስጥ ገብቶ ያጉረመርማል። ቀላል ነገር ነው፤ መሬት በሱዳን ሞልቷል። ነገር ግን የካላክላ መሬት በበጋ ብረት ቀርቶ ትችትም አይቀበልም። ግቢውን በሙሉ በመዶሻ ብዞረው ብረቱ እየነጠረ ተመለሰ። በመጨረሻ ሰተት ብሎ፣ ጭቃ እንደረገጠ እግር የገባልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከዚሩ ሥር። ለምን እዚያ እንደ ለሰለሰ አልመረመርኩም። መሐንዲስ በገባለት ነገር ላይ ጊዜ አያጠፋም።

ሽቦውን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ክፍሌ ሳብኩ፤ ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች በውጭ በኩል ከቆርቆሮ በሬ ግራና ቀኝ ሰቀልኩ፤ አበራሁ። ጸጥ! ሰሚራ ፍላሿን ሰካች። ሰሚራ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት፤ አማርኛዋ እንደ እኔ አምፕሊፋየር ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ ነው።

«ኻሉ፣ ይኼ ነገር ምንም አይልም። ተኝቷል ወላ ሞቷል?» አለችኝ። ኻሉ ማለት የእናት ወንድም ነው፤ ዝምድና ባይኖረንም ለሠርጉ አጎት ስላስፈለጋት ተሾምኩ።

«ጥሩ አምፕሊፋየር እንደ ጨዋ ሰው ነው» አልኳት በኩራት። «ካላናገሩት አይናገርም።»

ዘፈኑን ስትነካው ግቢው ተንቀጠቀጠ፤ ድመቷ ከዚያ ቀን ወዲህ አልታየችም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ እኔም ታላቅ ሰው ሆኜ፣ እናንተም ከዚህ ሁሉ ወግ ተርፋችሁ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ የሙሽራው እናት ሐጃ ኢልሃም በፒክአፕ መኪና መጡ። ሐጃ ኢልሃም ደግ ናቸው፤ ይህንን ጠላትም አይክድም። የእሳቸው ደግነት ግን እንደ አባይ ሙላት ነው፤ ሲመጣ ከፊቱ ያለውን ጠርጎ ነው። ፒክአፑ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ የኤሌክትሪክ ውሃ ማቀዝቀዣ ነበር። ቧንቧዎቹ ያብረቀርቃሉ፤ ደረቱ ላይ ለሟቹ የባላቸው አባት ነፍስ ሰደቃ መሆኑ ተጽፏል። «ለአዲሶቹ ዘመዶቻችን ሰፈር!» አሉ ሐጃ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሥፍራው የት ይሁን ሲባል፣ ጥላ ያለው ኒሙ ሥር ነው። ኒሙ ሥር ዚሩ አለ።

«ዚርማ የድሮ ነው፤ ኻላስ» አሉ ሐጃ በፈገግታ።

ሁለት ሰዎች ዚሩን አቅፈው ወደ ግቢ አስገቡትና ጥግ ላይ ደፉት፤ ሰንብቶ ዶሮ ዕንቁላል ጣለችበት። ሙት በሙት ተፈናቀለ። እትዬ ዘይነባ ምን አሉ? «አላህ ይስጥልኝ» አሉ፤ ደጋግመው። ሌላ ምን ይባላል? የሚቀማህን ሰው ትጮህበታለህ፤ የሚሰጥህን ሰው ግን ምን ታደርገዋለህ? ይሉኝታ የሚባለው በሽታችን ክትባት የለውም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ከእንቅልፋቸው ይነሱና ባልዲውን ያነሳሉ፤ በሩ ድረስ ይሄዳሉ፤ ይቆማሉ፤ ባልዲውን መልሰው ያስቀምጣሉ።

እኔ ግን ይህን ልብ የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። ጨዋው አምፕሊፋየሬ ባለጌ ሆኖብኝ ነበር።

ማቀዝቀዣው በመጣ በቀናት ውስጥ ጀመረው። መጀመሪያ ሲያንጎራጉር መሰለኝ። ከዚያ ማጉረምረም ሆነ። በመጨረሻ «ኡምምምም» የሚል፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም የማይታወቅ ጉምጉምታ ሆኖ፣ የቆርቆሮ በሬን ያንቀጠቅጠው ጀመር። ገና ሳበራው በሩ ይንዘፈዘፋል፤ እንደ ወባ በሽተኛ። በላዩ ላይ በማይኩ ለመናገር የሞከረ ሰው ድምፁ ከንብ ቀፎ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። የእትዬ ዘይነባን ቀጭን ድምፅ በዚያ ላይ አስቡት።

ከፈትኩት። ዘጋሁት። ካፓሲተር ቀየርኩ። ትራንስፎርመሩን ወደ ቂብላ አዞርኩት፤ ወደ ሀገር ቤትም አዞርኩት። ትራንዚስተር የሸጠኝን ሰው ጠየቅሁት፤ «ትራንዚስተር ቀይር» አለኝ። ካፓሲተር የሚሸጠውን ጠየቅሁት፤ «ካፓሲተር ቀይር» አለኝ። ሁለቱም ከልባቸው ነበር። አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን «መሬቱን እይ» አለኝና ሄጄ አየሁት። አለ። መሬቱ ቦታው ላይ ነው፤ የት ይሄዳል? ብረቱም አለ፤ ሽቦውም ታስሯል። ከእኔ በላይ ግራ የተጋባ ሰው በሁለቱ አባዮች መሀል አልነበረም።

«ኻሉ» አለችኝ ሰሚራ አንድ ቀን፣ ጥፍሯን እየሞረደች፤ «ይኼ ነገር ዚሩ ከሄደ ነው የጀመረው። ሞያ የለም። መሬቱ ደረቀ፤ ብረትህ ደረቅ መሬት ውስጥ ነው።» ሞያ በዐረብኛ ውሃ ነው።

ሣቅሁ። «ልጄ፣ ዚር እኮ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይደለም።»

«አንተስ?» አለችኝ።

ካውያዬን ሰካሁ። ሞኝን ስድብ አይገባውም፤ መሐንዲስን ምክር አይገባውም።

ሰው ግን የማይለምደው የለም። ጉምጉምታው የሰፈሩ ንብረት ሆነ። ካላክላ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ይመጣል፤ መምጣቱን የሚያበስረው የእኔ አምፕሊፋየር ነበር። ልክ «ኡምምም» ሲል ከሦስተኛው ቤት «መብራት መጣ!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ሴቶች ፍሪጅ ይሰካሉ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ተማረ። ካጉረመረመ በርቷል፤ ዝም ካለ ጠፍቷል። ቀይዋን ነጥብ የማድረጉን ሐሳብ እኔም ተውኩት፤ ቤቱ እየተንቀጠቀጠ ቀይ ነጥብ ምን ትረባለች? ለእትዬ ዘይነባ ግን «ለሒናው ቀን ይጠፋል» ብዬ ማልኩ። «ኢንሻአላህ» አሉኝ፤ ካርቱም ውስጥ «አይመስለኝም» የሚባለው እንደዚህ ነው።

የሒናው ቀን ደረሰ። መብራት ከማለዳ ጀምሮ የለም። የሐጃ ኢልሃም ማቀዝቀዣ እኩለ ቀን ላይ ከቧንቧው ለሻይ የሚሆን ትኩስ ውሃ ያወጣ ነበር፤ ሻዩና ስኳሩ ብቻ ነው የጎደለው። እንግዳ እየመጣ ነው፤ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። እትዬ ዘይነባ ማንንም ሳያማክሩ ወደ ግቢው ጥግ ሄዱ፤ ዶሮዋን አስነሱ፤ «ያላ፣ አንሱልኝ!» አሉ። ዚሩ ታጥቦ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን፣ በአሮጌው መቀመጫው ላይ፣ ኒሙ ሥር ቆመ። ደርቆ ስለከረመ የጠገበውን ያህል ውሃ አፈሰሰ። ባልዲ በባልዲ ላይ ይገለበጥበታል፤ እንግዳው ይቀዳል፤ ያፈሳል፤ እግሩን ይታጠባል፤ ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በፊት ኒሙ ሥር ጭቃ ሆነ። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት አንድ ትልቅ፣ የጣት ባትሪ ሳይሆን ጣሳ የሚያክል ካፓሲተር ገጥሜ ነበር። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ ስለ ክብሬ ነው።

ከመግሪብ በኋላ ሴቶቹ ግቢውን ሞሉት። ሐጃ ኢልሃም ከነአማታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ አማቲቱ፣ ሁሉም «ሐቦባ» የሚላቸው፣ የሙሽራው አያት ናቸው። ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው። የሴቶቹ የሸክላ ከበሮ ይደለቃል። ሰሚራ እጇም እግሯም በሒና ተስሎ፣ እንዳይበላሽ እንደ ልብስ መስቀያ ክንዷን ዘርግታ ተቀምጣለች። በዚህ መሀል አምፖሎቹ ቦግ አሉ። መብራት መጣ! ክፍሌ ውስጥ ያለው በውሃ የሚሠራው ማራገቢያ እንደ አውሮፕላን መጮህ ጀመረ።

ሰፈሩ ጉምጉምታውን ጠበቀ። የለም።

እኔና እትዬ ዘይነባ ክፍሌ ውስጥ ነበርን፤ በሩ ተዘግቷል፤ ማይኩ በእጃቸው ነው። አዲስ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠመጥሙትን ረጅም ልብስ፣ ለብሰዋል። ምርቃታቸውን ለሳምንታት ሲያጠኑት ከርመው ከንፈራቸው ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ማብሪያውን አጥፍቼ መልሼ አነሳሁት። የቆርቆሮ በሩን አየሁት። አይንቀጠቀጥም። እጄን አሳረፍኩበት፤ እንደ መቃብር ድንጋይ ጸጥ ብሏል። ስደነግጥ ዐረብኛ ይቀድመኛል።

«ኻላስ! ማት!» አልኩ፤ አበቃ፣ ሞተ ማለቴ ነው።

ውጭ ከበሮው ቀጥ አለ። እኔ ግቢው ውስጥ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ድምፄ ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ጥርት ብሎ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፅ ወጥቶ «አበቃ፣ ሞተ» ሲል፣ ሴቶቹ ማን እንደሞተ ለመስማት ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኛ በማራገቢያው ጩኸት ውስጥ ሆነን፣ ሕዝቡ ለእትዬ ዘይነባ ቦታ ለቆ በአክብሮት ዝም ያለ መሰለን።

«ይሙት!» አሉ እትዬ ዘይነባ። ከዚያ ማይኩን እንደያዙ ተቀመጡ፤ አገጫቸውን በማይኩ ደገፍ አደረጉና በዐረብኛ ቀጠሉ። በዐረብኛ ሲሆን እንግዲህ ታውቃላችሁ።

«ይሙት፣ ይሻላል! ለማን ልመርቅ ነበር? ለዚያች? የባሌን ዚር አስደፍታ ፍሪጅ ላቆመችብኝ? ‘የድሮ ነው’ አለችኝ። እኔስ የድሮ አይደለሁም? ነገ እኔንም አንስታ ጥግ ላይ ትደፋኛለች፤ ዶሮ ትፈለፍልብኛለች!»

«ኧረ እትዬ...»

«ተው አንተ! ካፉሪ ዕድሜ ልኬን ለሰው ውሃ አቀረብኩ። በብርጭቆ፣ በሰሐን፣ በበረዶ። ታዝዤ። አንድም ቀን አንቺስ ጠጣሽ ወይ ያለኝ የለም። ማንም ሳያዘኝ፣ ከራሴ እጅ፣ ለሰው የሰጠሁት ውሃ ያ ዚር ብቻ ነው። ያንን ወሰደችብኝ፤ ወስዳም አመስግኝኝ አለችኝ፤ አመሰገንኳት! ልጁ ጥሩ ነው፤ ወላሂ እወደዋለሁ። ከእሷ መወለዱን ምን አደርገዋለሁ?»

እኔም ለማጽናናት ያህል፣ ከማዳመጥ ይልቅ መናገር ይቀናኛልና፣ «እውነትዎን ነው፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ደግሞ ብረት ብረት ይላል፤ እኔም ደብቄ የምጠጣው ከሻይ ሻጯ ነው» አልኩ።

ይህን እንዳልኩ በሩ በትከሻ ተመታ። በእጅ አልነበረም፤ የመታችው ሰሚራ ነበረች፤ እጆቿ ሒና ናቸው። ክንዶቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ በተረከዟ እየተራመደች፣ በትከሻዋ በሩን ገፍታ ገባች።

«ኻሉ! ማይኩ! ማይኩ ሻጋል ነው! ይሠራል! ሁሉም ሰማ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል አማርኛችን፤ አፋፉ ላይ አምፕሊፋየር ሲጨመርበት ድንኳን ድረስ ነው። እትዬ ዘይነባ ማይኩን አዩት። እኔ በሩን አየሁት። በሩ አሁንም አይንቀጠቀጥም። በሕይወቴ በጣም የተሳካልኝ አምፕሊፋየር በጣም ያዋረደኝ በዚያች ደቂቃ ነው።

ወጣን። ምን ምርጫ አለ? ግቢው ሙሉ ሴት ያየናል። ከድንኳኑ በኩል ወንዶቹ አንገታቸውን አስግገዋል፤ የፍየሉ ሰውዬም አለ። ሰሚራ ዓይኗ ዕንባ ሞልቶ ማበስ አልቻለችም፤ እጇ ሒና ነው። ሠርጉ እዚያው ላይ ሊፈርስ እንደሚችል የማያውቅ አልነበረም። ሐጃ ኢልሃም አምባሮቻቸው እንኳን ድምፅ ሳያሰሙ ተቀምጠዋል።

ዝምታውን የሰበሩት ሐቦባ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ በጣም ይጮሃሉ።

«ምን አለች?» አሉ ሐጃን።

አጠገባቸው ያለችው ሴት በአገጯ ወደ ዚሩ ጠቆመቻቸው።

«ስለ ውሃው ነው? እኔም ዛሬ ከዚሩ ነው የጠጣሁት። የዚያ የፍሪጅሽ ውሃ ቀን ቀን ያቃጥላል፤ መብራት ሲኖር ጥርሴን ይነቅላል። የባሌ ስም ስላለበት ነው እንጂ ነግሬሽ ነበር።»

አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ሌላዋ። ሐጃ ኢልሃም ተነሡ። ሳቁ ቆመ። በሴቶቹ መሀል አልፈው፣ በግቢው በር ወጥተው፣ ጭቃው በወርቃማ ጫማቸው ላይ እየወጣ ዚሩ ዘንድ ደረሱ። ጣሳዋን አነሡ፤ ቀዱ፤ ቆመው እስከ መጨረሻው ጠጡ። አፋቸውን ጠረጉ።

«አላህ ይርሐሙ» አሉ፤ የእትዬ ዘይነባን ባል ማለታቸው ነው።

እርቅ ይሁን ጥም፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲያ ያለ ንግግር ሰምቶ ጉሮሮው የማይደርቅ ሰው የለም። እትዬ ዘይነባ ግን የሚያውቁ ይመስሉ ነበር፤ ማይኩን ወደ አፋቸው አቀረቡና በአማርኛ ጀመሩ። «ውለጂ፣ ክበጂ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ከሄድሽበት የሚያከብርሽ፣ ከመጣሽበት የሚናፍቅሽ አይጥፋ...» ድምፃቸው ከበሩ ግራና ቀኝ ወጣ፤ ቀጭን ነው፤ ግን ከሥሩ ምንም የሚያጉረመርም ስላልነበረ እስከ መንገዱ ጫፍ ደረሰ። ግማሹ ሕዝብ አንድ ቃል አልገባውም። «አሚን!» ሲል ግን ከገባው በላይ ጮኸ። ሐጃ ኢልሃም ዚሩ አጠገብ እንደቆሙ፣ ጣሳዋን እንደያዙ፣ አሚን አሉ።

ሰሚራ ተዳረች። ዛሬ ኒሙ ሥር ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ፤ ለሚቸኩል ማቀዝቀዣው፣ ጥርስ ላለው ዚሩ። ደግሞ ምርቃቱን ማንም አያስታውሰውም፤ ዶሮዋን ግን ካላክላ በሙሉ ያስታውሳል። ልጆች ሲጫወቱ «ዶሮ ትፈለፍልብኛለች!» እያሉ የእትዬ ዘይነባን ዐረብኛ ያስመስላሉ፤ እሳቸውም እየሰሙ እንዳልሰማ ያልፋሉ፤ ግን ሲያልፉ ቀጥ ብለው ነው። ሰው ይስማኝ ብለው ነበር፤ ተሰሙ።

አምፕሊፋየሩ ከዚያች ቀን ወዲህ አጉረምርሞ አያውቅም። ሰሚራ ባሏን ይዛ በመጣች ቁጥር «ዚሩ ነው ኻሉ፤ መሬቱ ረጠበ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጣሳ የሚያክለውን ካፓሲተር በጣቴ እጠቁማታለሁ። ሳይንስ ነው።

ዝናዬ ግን ባልጠበቅሁት በኩል ሄደ። በቀደም ማዮ ሰፈር በየሠርጉ ድምፅ የሚያከራይ አንድ ሰው መጣ።

«ባሽመሐንዲስ፣ አምፕሊፋየር ሥራልኝ።»

«ድምፁ ንጹሕ፣ ጉምጉምታ የሌለው...» ብዬ ልቀጥል ስል እጁን አነሣ።

«አይሆንም! የሚያጉረመርመውን ነው የምፈልገው፤ የድሮውን። የካላክላውን ጉድ ሰምቻለሁ። የእኔ ደንበኞች ትዳር አላቸው። ሲበራ የሚያስጠነቅቅ አድርግልኝ።»

ከእሱ በኋላ ሌላም መጣ። ሁሉም ያንኑ ይለኛል። ያን ያህል ወራት ላጠፋው የተሟገትኩት ጉምጉምታ፣ ዛሬ ሰው በልመና ይፈልገዋል። እኔም ሞከርኩ፤ ካፓሲተሩን ነቀልኩ፤ ትራንስፎርመሩን ጠማማ ገጠምኩ፤ ሻጩ «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ የማለልኝን ትራንዚስተር ገዛሁ። ምንም! ጸጥ ረጭ ነው። እንዴት እንደመጣ ሳላውቅ ሄዷል፤ እንዴት እንደሄደ ሳላውቅ አይመለስም።

«ቀላል ነው» ትለኛለች ሰሚራ፤ «ዚሩን አንሣው።»

እሺ፣ ሳይንስ ይሁንላት። ግን ዚሩን ማን ያነሣዋል? እኔ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?